«ሁሉም ፍቅር ነው»፦ አንድ የሆላንድ የበዓል ፊልምና የራጉኤል ተመልካቾች

በዚህ ጽሑፍ የምመለከተው አንድ የሆላንድ ፊልም ነው። ስሙ በአገሩ ቋንቋ «አለስ ኢስ ሊፍደ» ይባላል፤ በአማርኛ «ሁሉም ፍቅር ነው» እንደ ማለት ነው። ፊልሙ የወጣው በ2000 ዓ.ም. መጀመሪያ (በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ2007) ሲሆን፣ ያዘጋጀው ዮራም ሉርሰን፣ የጻፈችውም ኪም ፋን ኮተን ናት። በአገሩ ሲኒማ ቤቶች ከአንድ ሚሊዮን የሚበልጥ ተመልካች አግኝቷል፤ ጠቅላላ ሕዝቡ በዚያን ጊዜ ከ16 ሚሊዮን ጥቂት ብቻ በሚያልፍ አገር ይህ ቀላል ቁጥር አይደለም። «ወርቃማው ጥጃ» የሚባለውን የአገሩን የፊልም ሽልማትም ወስዷል። (የሽልማቱን ስም ስነግራቸው አንዲት አሮጊት ጎረቤታችን፣ «ኦሪት ዘፀአትን የሚያነብ ሰው አጡ?» ብለው ነበር።)

አንባቢ «የሆላንድ ፊልም ለእኛ ምን ይረባናል?» ብሎ ቢጠይቅ አይፈረድበትም። እኔም ፊልሙን መጀመሪያ ብቻዬን ተቀምጬ ባየሁት ጊዜ ስቄ ከመርሳት በቀር ሌላ ነገር አላሰብሁም ነበር። አሳቤን የለወጠው ሁለተኛው ጊዜ ነው። ባለፈው የገና በዓል ማግሥት ማታ ከራጉኤል ቤተ ክርስቲያን ጀርባ በሚገኘው ግቢያችን ዘጠኝ ሆነን ተመለከትነው። ንግግሩ በሆላንድኛ፣ ከሥር የሚወጣው ጽሑፍ በእንግሊዝኛ ስለ ነበረ፣ እኔ ከቴሌቪዥኑ አጠገብ በርጩማ ላይ ተቀምጬ እየተረጐምሁ ነበር። በዘጠኝ ሰው አፍ ስለ አንድ ሕዝብ አስተያየት መናገር እንደማይቻል መምህራኖቻችን ደጋግመው ነግረውናል። ስለዚህ አንባቢዎቼ ይህን ጽሑፍ እንደ ጥናት ውጤት ሳይሆን እንደ ሂስ እንዲቀበሉልኝ እለምናለሁ። ዳሩ ግን እነዚያ ዘጠኝ ሰዎች በአንድ ማታ የተናገሩት እኔ ብቻዬን ሆኜ ካስተዋልሁት ሁሉ የሚበልጥ ሆኖ ስላገኘሁት፣ ሂሱን በእነርሱ ቃል ላይ መመሥረት ግድ ሆነብኝ።

አስቀድሜ ስለ ፊልሙ አሠራር ጥቂት ልናገር። ዘዴው አዲስ አይደለም። እንግሊዛዊው ሪቻርድ ከርቲስ በ1996 ዓ.ም. (በ2003) ባወጣው «ላቭ አክቹዋሊ» በተባለው ፊልም በገና ሰሞን በለንደን የሚኖሩ የብዙ ሰዎችን የፍቅር ታሪክ እንደ ጠጕር ጐንጉኖ አቅርቦ ነበር። ሆላንዶች ይህን ጉንጉን ተቀብለው ወደ አምስተርዳም ወሰዱት። ከዚያ በኋላ ደግሞ ቤልጅጎች የሆላንዱን ፊልም በ2010 ወደ አንትወርፕ ከተማ አዛውረው እንደ ገና ሠሩት። ፖሎኞችም በ2011 የራሳቸውን የገና ፊልም በዚሁ መልክ አወጡ። በሆላንድ ፊልሙን የነቀፉት ሰዎች አንዱ ክርክራቸው ይኸው ነበር፤ «የእንግሊዞች ቅጂ ነው» የሚል። ነቀፋው እውነት አለው፤ ነገር ግን ብዙ ርቀት አያስኬድም። ቅጂው ከአገር አገር እየዞረ በየደረሰበት ሕዝብ የሚሰበስብ ከሆነ፣ መጠየቅ የሚገባን ከማን ተቀዳ የሚለውን ሳይሆን ምን ስለ ያዘ ተወደደ የሚለውን ነው።

እኔ እንደሚመስለኝ የዚህ ዓይነት ፊልም ባለቤቱ ሰው አይደለም፤ ቀኑ ነው። ታሪኩ የአንድ ወንድና የአንዲት ሴት ብቻ ሲሆን ተመልካቹ የሚጠብቀው ይጋባሉ ወይስ አይጋቡም የሚለውን ነው። ሰዎቹ አሥራ ሁለት ወይም አሥራ አምስት ሲሆኑ ግን አንዱን ይዞ ሌላውን ሲለቅ ይደክመዋል። በዓሉ ይህን ድካም ይሸከምለታል። ያች ማታ ሳትደርስ ሁሉም ከቤቱ መግባት አለበት፤ ሁሉም ያልተናገረውን መናገር፣ የተጣላውም መታረቅ አለበት። ተመልካቹ የሰዎቹን ስም ቢረሳ እንኳ ቀኑን አይረሳም። ይህን የመርካቶ ሰው ያለ አስተማሪ ያውቀዋል። መስቀል ሲቃረብ የጉራጌ ነጋዴዎች ሱቃቸውን ዘግተው ወደ አገራቸው ሲጓዙ ሰፈራችን እንዴት ጭር እንደሚል ያየ፣ አንድ ቀን ስንቱን ሰው ከየት አንሥቶ ከማን ጋራ እንደሚያገናኝ ማስረጃ አያሻውም። ራጉኤልም ራሱ የበዓል ሰፈር ነው፤ የመልአኩ ዓመታዊ በዓል ከዘመን መለወጫ ጋራ በአንድ ቀን መስከረም 1 ስለሚውል፣ ለእኛ ዓመቱ የሚጀምረው በደጃችን ነው ብንል ማጋነን አይሆንም።

የሆላንዱ ፊልም የያዘው ቀን ገና አይደለም። በኖቬምበር አጋማሽ «ሲንተርክላስ» የሚሉት ነጭ ጢም ያለው ጳጳስ ከስጳኝ በእንፋሎት መርከብ መጣ ተብሎ በሕዝብ ፊት ይወርዳል። በዲሴምበር 5 ማታም ለልጆች ስጦታ ይታደላል። ይህ ሰው ሌላ አይደለም፤ የሜራው ኤጲስ ቆጶስ ቅዱስ ኒቆላዎስ ነው። የእኛ ስንክሳር ታኅሣሥ 10 ቀን ያስበዋል። ሆላንዶች የሚያከብሩት ዲሴምበር 6 በጥንቱ በዩልዮስ አቆጣጠር ሲቆጠር ታኅሣሥ 10 ላይ ስለሚውል፣ ቀኑ በመሠረቱ አንድ ነው። እኔ ይህን በሰበብ አስባቡ ጣልቃ አስገብቼ በተናገርሁ ጊዜ ቀደም ብዬ የጠቀስኋቸው አሮጊት (እማማ እንላቸዋለን) ከተጋደሙበት ቀና አሉና፣ «ኒቆላዎስ? የእኛው ኒቆላዎስ?» አሉ። ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ ፊልሙን የተመለከቱት እንደ ቀልድ ሳይሆን እንደ ገድል ነው፤ በዚህም ምክንያት ብዙ ተናደዱ።

የተናደዱበት ምክንያት አለ። ፊልሙ የሚጀምረው በሞት ነው። የቅዱሱን ልብስ ለብሶ ከሕዝቡ ፊት ሊቀርብ የተሰናዳው ተዋናይ በድንገት ይሞታል፤ ልጆቹ እየጠበቁ ስለ ሆነ ሌላ ሰው በጥድፊያ ተፈልጎ ጢሙን ለጥፎ አክሊሉን ደፍቶ ይወጣል። ሆላንዶች በዚህ ይሥቃሉ። እማማ ግን፣ «ጳጳስ ሞቶ መንገደኛ ልብሱን ለብሶ ሕዝብ ሲያሳልም ዝም ብለው ያያሉ?» አሉ። እኔም ሟቹ ጳጳስ ሳይሆን ተዋናይ መሆኑን፣ ከሰባትና ከስምንት ዓመት በላይ የሆነ ሆላንዳዊ ሁሉ ይህን እንደሚያውቅ ላስረዳቸው ሞከርሁ። «ያውቃሉ? ታዲያ ለምን ይሰለፋሉ?» አሉኝ። መልስ አልነበረኝም። በኋላ ሳስበው ግን የፊልሙ ቁልፍ በዚህ ጥያቄ ውስጥ ነበረ። የሆላንዶች በዓል አገር ሙሉ ለሕፃናት ሲል የተስማማበት ማስመሰል ነው። ጐልማሳው ሁሉ ያውቃል፤ ጐልማሳው ሁሉ ዝም ይላል። ፊልሙም ይህን የጋራ ዝምታ ወስዶ ወደ ፍቅር ያዛውረዋል፦ ባልና ሚስት እርስ በርሳቸው የሚያውቁትን እንዳላወቁ ሆነው ይኖራሉ፤ ቤተሰብም ያየውን እንዳላየ ያልፋል። የሐሰተኛው ጳጳስ ታሪክ ከሌሎቹ ሁሉ የሚበልጠው ይህን አሳብ በግልጽ ስለሚሸከም ነው።

የቀሩትን ታሪኮች ባጭሩ አልፋቸዋለሁ። በትልቅ መደብር የምትሠራ፣ ልዑል ይመጣልኛል ብላ የምትጠብቅ ኪኪ የምትባል ልጅ አለች። ካሪስ ፋን ሆውተን በእውነት ደስ በሚል አኳኋን ተጫውታታለች፤ ነገር ግን እውነተኛ ልዑል በታሪኩ ውስጥ ሲመጣላት ነገሩ ከፊልም ወደ ልጆች ተረት ይወርዳል። በዚህ ጊዜ የአጎቴ ልጅ (የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪ ናት) «ልዑል ሆኖ ሳለ የሚልከው ሽማግሌ እንኳ የለውም?» ብላ ሁላችንንም አሣቀችን። ትዳራቸው የተናጋ ባልና ሚስት አሉ፤ ከባሏ የተለየች የልጆች እናት አለች። ለሠርግ የሚሰናዱ ሁለት ወንዶችም አሉ፤ እነርሱ በታዩ ጊዜ ክፍሉ ጸጥ አለ፣ አንዳንዱ ቡና ለማየት ተነሣ፣ ከዚያ በኋላም ማንም አላነሣውም። እናቴ በበኩሏ ስለ ፍቅሩ ምንም ሳትናገር፣ ሰዎቹ በበዓል ቀን ጎረቤት አለመጥራታቸውን ብቻ ደጋግማ ታነሣ ነበር።

እዚህ ላይ ስለ ራሳችን ተመልካች አንድ ነገር ማስገባት ያስፈልጋል። የራጉኤል ሰው ከሲኒማ ጋራ ትውውቁ የቆየ ነው። ሲኒማ ራስ በዚሁ በአዲስ ከተማ የቆመ ሲሆን፣ በእኛ ሰፈር በልጅነቱ የህንድ ፊልም ለማየት ሳንቲም ያላጠራቀመ አባት ማግኘት ያዳግታል። የህንድ ፊልም ደግሞ ተመልካቹን አንድ ትምህርት አስተምሮታል፤ ይኸውም ፍቅር የሁለት ሰዎች ብቻ ጉዳይ አለመሆኑን፣ እናት ሳታለቅስና አባት ሳይታረቅ ታሪኩ አለማለቁን ነው። የአማርኛው ፊልምም ከዚህ ትምህርት አልራቀም። የመጀመሪያው ረጅም የአማርኛ ፊልም «ሂሩት አባቷ ማን ነው?» (1957 ዓ.ም.) ከስሙ ጀምሮ ስለ ወላጅ የሚጠይቅ ነው። የሆላንዱ ፊልም በወጣበት በዚያው በ2007 የእኛ አድማሱ ከበደ «የወንዶች ጉዳይ»ን አቅርቦ ነበር፤ ከዚያን ጊዜ ወዲህ «አስቂኝ የፍቅር ፊልም» የሚባለው ዓይነት በሲኒማ ቤቶቻችን ደጅ በሚለጠፈው ማስታወቂያ ላይ የተለመደ ቃል ሆኗል። በበዓል ቀን መሣቅም ለእኛ አዲስ አይደለም። ከአለባቸው ተካና ከልመንህ ታደሰ፣ ከደረጀ ኃይሌና ከሀብቴ ምትኩ ጀምሮ፣ ዶሮው ከተበላ በኋላ ቤተሰቡ በቴሌቪዥን ፊት ተሰብስቦ የሚሥቅበት ጭውውት የበዓሉ አንድ ክፍል ሆኖ ኖሯል። በዚያች ማታም የሆላንዱን ፊልም ከመክፈታችን በፊት የተመለከትነው ይህንኑ ነበር፤ ወደዚህ ነገር እመለስበታለሁ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እመጣለሁ። ሲንተርክላስ ብቻውን አይመጣም። በዙሪያው የሚዘልሉ፣ ከረሜላ የሚበትኑ፣ ባለ ቀለም የጥንት አሽከሮች ልብስ የለበሱ ረዳቶች አሉት። ስማቸው «ዝዋርተ ፒት» ይባላል፤ «ጥቁሩ ፒት» ማለት ነው። በፊልሙ ውስጥ እነዚህን ረዳቶች የሚጫወቱት ነጮች ፊታቸውን በጥቁር ቀለም፣ ከንፈራቸውን በቀይ ቀለም ቀብተው፣ የተጠቀለለ ጠጕር ደፍተው ነው። እኔ ብቻዬን ባየሁ ጊዜ ነገሩን ከመጽሐፍ አውቀው ስለ ነበረ ብዙም ሳልደነቅ አልፌው ነበር። በግቢያችን ግን ክፍሉ ድንገት ዝም አለ። ከዚያ ታናሽ ወንድሜ ጠየቀ።

«እነዚህ ምን ሆነው ነው?»

«ቀለም ነው፤ ተቀብተው ነው።»

«ለምን?»

«በጢስ መውጫ ስለሚወርዱ ጥላሸት ነክቷቸው ነው ይላሉ።»

«ታዲያ ልብሳቸውን ለምን አልነካውም?»

ይህ የአሥራ አንድ ዓመት ልጅ ያነሣው ጥያቄ ሆላንዶችን ዓመታት ሙሉ ያከራከረ ነው። የቅዱሱን ጥቁር አሽከር በሕፃናት መጽሐፍ ያስፋፋው ያን ስኬንክማን የተባለ መምህር በ1850 ባሳተመው ጽሑፍ ነው፤ ሆላንድ በግዛቶቿ ባርነትን ያስቀረችው ግን ከዚያ 13 ዓመት ዘግይታ በ1863 ነው። እንግዲህ አሽከሩ በመጽሐፍ ላይ ሲዘልል በሱሪናም እርሻ ላይ ያለው ሰው ገና የሰው ንብረት ነበረ። በ2011 ክዊንሲ ጋሪዮ የተባለ ገጣሚና አርቲስት «ጥቁሩ ፒት ዘረኝነት ነው» የሚል ጽሑፍ ያለበት ካናቴራ ለብሶ በቅዱሱ አቀባበል ላይ ቢቆም ፖሊሶች መሬት ላይ ጥለው አሰሩት። በ2015 የተባበሩት መንግሥታት የዘር መድልዎን የሚቃወመው ኮሚቴ ነገሩ እንዲታረም ጠየቀ። ከ2019 ወዲህ በቴሌቪዥን የሚተላለፈው ብሔራዊ አቀባበል ፊትን ሙሉ በሙሉ መቀባትን ትቶ እዚህና እዚያ ጥላሸት በነካው ፊት ተክቶታል፤ በ2020ም ልማዱን ቀድሞ ሲከላከሉለት የነበሩት ጠቅላይ ሚኒስትር ማርክ ሩተ አሳባቸው መለወጡን ተናገሩ። ፊልሙ የተሠራው ይህ ሁሉ ከመሆኑ በፊት ነው። በዚያን ጊዜ ከተጻፉት አስተያየቶች እኔ ያየኋቸው፣ የሚያመሰግኑትም የሚነቅፉትም፣ ስለ ቅጂነቱ፣ ስለ ተዋናዮቹና ስለ ሣቁ ብቻ ይከራከራሉ። የተቀቡትን ፊቶች ያላየ ሰው የለም፤ ነገር ግን በአስተያየቱ ውስጥ አልገቡም። እማማ «ያውቃሉ? ታዲያ ለምን ይሰለፋሉ?» ያሉት ለዚህም የሚሆን ይመስለኛል።

በክፍላችን የተነሣው ቍጣ ብርቱ ነበር። የአጎቴ ልጅ «አጥፋው!» አለች። ወንድሜ ይሥቅ ጀመር፤ እናቴ ጆሮውን ያዘችው። አንድ የኮሌጅ ጓደኛዬ ስለ ቅኝ ግዛት ያለውን ሁሉ ተናገረ፤ ረጅምም ነበር። ሆላንዶች የሚመልሱትን መልስ፣ «የልጆች ጨዋታ ነው፤ ማንንም ለመንካት አይደለም፤ ስናድግ የኖርንበት ነው» የሚለውን ስተረጕምላቸው ሁሉም በአንድ ቃል አላገጡበት።

በዚህ ጊዜ እስካሁን አንድ ቃል ያልተናገሩ አንድ ሰው ነበሩ። ጋሼ የምንላቸው ጎረቤታችን ሲሆኑ፣ ከራጉኤል ወደ አንዋር መስጊድ በሚወስደው መንገድ ላይ ሱቅ አላቸው። በአሥራ ሁለት ዓመታቸው ከጉራጌ አገር መጥተው ሊስትሮ ጀምረው፣ ዕቃ ተሸክመው፣ ኋላ ከሰው ሱቅ ደጅ ላይ ዘርግተው፣ በመጨረሻ ለራሳቸው ሱቅ የበቁ ናቸው። ጋሼ ሲኒያቸውን አስቀመጡና፣

«ቅድም የሣቃችሁበትን ሰውዬ ፊቱን አልቀቡትም፤ አፉን ነው የቀቡት» አሉ።

ወዲያው ያልገባን ነበርን። ከፊልሙ በፊት በተመለከትነው የበዓል ጭውውት ውስጥ አንድ ነጋዴ ነበረ፤ ብር እየቆጠረ፣ ወንዱን በሴት ሴቱን በወንድ እየጠራ፣ አማርኛውን እየሰባበረ ይናገራል። ዘጠኛችንም ሆዳችንን ይዘን ሥቀን ነበር። የአጎቴ ልጅ ፊቷ ቀላና፣ «ጋሼ፣ እርስዎም ሥቀው ነበር እኮ» አለች።

«ሥቄያለሁ። ሳልሥቅ ብቀር ኖሮ ሁላችሁም ዞራችሁ እኔን ታዩ ነበር።»

ስለዚህ አነጋገር ብዙ ቀን አስቤበታለሁ። ጓደኛዬ በዚያው ማታ እንዳለው ሁለቱን ነገሮች በአንድ ሚዛን ማስቀመጥ አይገባም፤ ከተቀባው ፊት ጀርባ የባሪያ መርከብ አለ፤ ከተሰበረው አማርኛ ጀርባ ያለው ሌላ ታሪክ ነው። ይህን እቀበላለሁ። እኔ ግን እዚህ የምናገረው ስለ ግፉ መጠን ሳይሆን ስለ ተመልካቹ ነው። በሁለቱም አዳራሽ ውስጥ የሚሣቅበት ሰው አብሮ ተቀምጧል፤ በሁለቱም ዘንድ ደግሞ ሣቁ የበዓል ስለ ሆነ የማይሥቅ ሰው በዓል አበላሽ ይባላል። አምስተርዳም የሚኖር የሱሪናም ተወላጅ አባት በቅዱሱ ቀን ልጁን ይዞ ወደ አደባባይ ሲወጣ የሚያደርገውን ፈገግታ ጋሼ ያውቁታል። የአምስተርዳሙን ፈገግታ ለማየት ዓይናችን ፈጣን ነበር፤ በገዛ ክፍላችን፣ ከአጠገባችን የተቀመጠውን ግን አላየነውም።

የአማርኛ ቀልድ እነዚህን ሰዎች ሲመላለስባቸው ኖሯል፦ ከገጠር አዲስ የመጣች የቤት ሠራተኛ መብራት የምትፈራ፣ ዘበኛው ትእዛዝ ተሳስቶ የሚሰማ፣ ነጋዴው ጾታ የሚያማታ። የሚከላከልላቸው ክርክር አለ፤ ደካማም አይደለም። በእነዚህ ጭውውቶች ውስጥ ነጋዴው ብዙ ጊዜ ሞኝ ሆኖ ጀምሮ ብልጥ ሆኖ ይጨርሳል፤ ከተማሬውን አታልሎ ይሄዳል። ጋሼም ራሳቸው ይህን ሳልጠይቃቸው አነሡት። ወጣት ሳሉ አማርኛውን አጥርተው ከተማሩ በኋላ እንኳ ደንበኛ ሲመጣ ሆን ብለው ይሰባብሩት እንደ ነበረ፣ «የሚሥቅ ገዢ ዋጋ አይከራከርም» ሲሉ ነገሩን። ይህ እውነት ነው፤ ደግሞም አስቂኝ ነው፤ እኛም ሥቀናል። ነገር ግን ሰውየው በገዛ እጁ ለንግዱ የለበሰውን ጭምብል ሌላ ሰው በመድረክ ላይ ሲያለብሰው ነገሩ አንድ አይደለም። ለእርሳቸው ጭምብሉ የሱቅ ሰዓት አለው፤ ማታ ይወልቃል። በቴሌቪዥን ያለው ነጋዴ ግን ቤቱ ገብቶ አይታይም፤ ልጁን በምን ቋንቋ እንደሚቆጣ፣ ሚስቱን በምን ቃል እንደሚያጫውት ማንም አላሳየንም።

የሆላንዱን ፊልም ጉድለት እኔ የማገኘው እዚህ ላይ ነው። ፊልሙ ለሁሉም ቸር ነው። ለከዳው ባል፣ ለተሳሳተችው ሚስት፣ ለሐሰተኛው ጳጳስ፣ ለሰነፉ ልዑል ሳይቀር ቤት፣ ስምና ይቅርታ ያድላል፤ የተመልካቹን ልብ የያዘውም ይህ ቸርነት ነው። በጥቁር የተቀቡት ግን በአብዛኛው ለበዓሉ ማሳመሪያ ሆነው ከኋላ ይዘልላሉ። የማስመሰልን ነገር ይህን ያህል የመረመረ ጸሐፊ ከሁሉ የሚበልጠውን ማስመሰል ሳይነካው ማለፉ የሚያስቈጭ ነው፤ ምክንያቱም መሣሪያው በእጁ ነበር። ሐሰተኛው ጳጳስ ጢሙን ሲያወልቅ ማን እንደ ሆነ እንጠይቃለን፤ ረዳቱ ቀለሙን ሲታጠብ ግን የሚያይ ካሜራ የለም። በተረፈ ፊልሙን መጥፎ ነው አልልም። አሠራሩ የተጣራ ነው፤ በሞት ጀምሮ በሣቅ መዝለቁ ድፍረት ነው፤ የሚቀጥለው የእነዚሁ ሰዎች ፊልም «አለስ ኢስ ፋሚሊ» (በ2012) በዚሁ መንገድ መሄዱም አያስገርምም።

ፊልሙ ሲያልቅ ሰዓቱ አምስት ሰዓት አልፎ ነበር። እማማ እንቅልፍ ወስዷቸዋል። ሌሎቹ ጫማቸውን ሲፈልጉ እኔ በጉጉት እንዲህ አልሁ፦ ይህ ጉንጉን ለመርካቶ የተሠራ ነው፤ የመስቀልን ዋዜማ ይዞ አንድ ሰው ቢጽፈው፣ ሱቅ የሚዘጋው፣ መኪና የሚያመልጠው፣ ለእናቱ ነጠላ ገዝቶ በጭነት መኪና ላይ የሚረሳው፣ ዕዳ ያለበትና ደጁን አንኳኩቶ የሚሸሸው፣ አንዱ ወደ አገሩ ሲሄድ አንዷ በከተማ የምትቀረው፣ ሁሉም በአንዲት ቀን ተይዘው ቢጓዙ ከአምስተርዳሙ ይበልጣል። ጋሼ ደስ አላቸው። አንድ ሁለት ታሪክ ራሳቸው ጨመሩልኝ፤ አንደኛው በአንድ መስቀል ለወላጅ ተብሎ ስለ ተገዛ፣ መንገድ ላይ ጠፍቶ ከሦስት ቀን በኋላ በእግሩ ቤት ስለ ደረሰ በግ ነበር።

«በዚያ ፊልም ውስጥ እርስዎን የሚመስል ነጋዴ ይኖራል» አልኋቸው።

«በምን ቋንቋ ይናገራል?»

«እርስዎ በየትኛው ይሁን ይላሉ?»

«ቤቴ ስገባ በምናገረው ነዋ» አሉና ከበሩ ላይ ዞር ብለው በርጩማዬን በጣታቸው አሳዩኝ። «ያን ጊዜ እዚያው ትቀመጥና ለእነዚህ ትተረጕምላቸዋለህ።»